ጮክ ብዬ ነው የማነበው

ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ማንበብ አልችልም። ይህን የምናገረው አፍሬ አይደለም። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ቤት መርቻለሁ፣ የአንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ስንት ዕቃ አስገብቼ ስንት ዕቃ አስወጥቻለሁ። ይህን ሁሉ የሠራሁት የሚነበበውን ለራሴ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው። ዓይኔ ብቻውን ያየውን አላምነውም። ጆሮዬ ሲሰማው ነው ገባኝ የምለው።

ኮልፌ ተወልጄ እዚያው ያደግሁ ነኝ። አባቴ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ከሱቁ ጀርባ ቁርዓን ቤት ነበር። የሰፈሩ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተደርድረን፣ ሉሃችንን፣ ማለትም ምዕራፉ በቀለም የተጻፈበትን እንጨት፣ ጭናችን ላይ አስደግፈን፣ ሁላችንም የየራሳችንን በአንድ ጊዜ እንጮኻለን። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ጫጫታ ነው። ኡስታዙ ግን ግድግዳ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዳችንን ይሰሙን ነበር። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የአንዷ ድምፅ ዝቅ ካለ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ ስሟን ይጠራሉ። እዚያ ቤት የሚያስቀጣው ዝምታ ነበር። ዝም ያለ ልጅ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ልቡ ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆችም ከቄስ ትምህርት ቤት ሲመለሱ ፊደሉን እንደ ዘፈን እያሉት ነበር የሚመጡት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስንገባም የማባዣ ሠንጠረዡን አብረን በአንድ ድምፅ ወጣነው። በሰፈራችን በዝምታ የተማረ ልጅ አላየሁም።

ስለዚህ አየር ጤና በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ «ማዘር፣ ድምፅ ይቀንሱልን» ስባል መጀመሪያ የሚያናግሩት እኔን አልመሰለኝም።

ኮሌጅ የገባሁት ጉጉት ገፋፍቶኝ አይደለም። መሥሪያ ቤታችን አዲስ መዋቅር አመጣና ኃላፊ የሆነ ሁሉ ዲግሪ ይኑረው ተባለ። እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ዲግሪውን ካላመጣሁ ወንበሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እኔ ደግሞ ራሴ ሥራ ያስለመድኳቸው ልጆች ሥር ሆኜ መዛኝና ቆጣሪ እሆናለሁ። የሰው ኃይል ክፍሉ ይህን የነገረኝ ሻይ እንደሚጋብዝ ሰው ፈገግ ብሎ ነው። እኔም ፈገግ አልኩና በሳምንቱ ቅዳሜ የማኔጅመንት ትምህርት ክፍል ተመዘገብኩ። ዓመታት ቅዳሜና እሑድን ሰጥቼ ኮርሱን ሁሉ ጨረስኩ። የቀረኝ የመውጫ ፈተናው ብቻ ነበር። እሱን ያላለፈ የተማረው ሁሉ ዲግሪ አይሆንለትም፤ እኔም ወንበሬን የማቆየው በእሱ ብቻ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ከመኪና ዕቃ መሸጫዎች በላይ ፎቅ ላይ ነው። መጻሕፍቱ በመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፈው ተቀምጠዋል፤ ቁልፉን የጠየቀ ተማሪ በዓይኔ አላየሁም። ትምህርቱ ሁሉ በቴሌግራም ነው የሚመጣው፣ አስተማሪው ሃንድአውቱን ይለቃል፣ ተማሪው ያወርዳል፣ አለቀ። ሰው ወደዚያ የሚመጣው ለሶኬትና ለዋይፋይ ነው። በማለዳ የሚሻሙት ግድግዳው ሥር ያሉትን፣ ሶኬት ያለባቸውን ወንበሮች ነው። እኔ ሶኬት ስለማልፈልግ መሃል ላይ እቀመጣለሁ፤ ሃንድአውቴን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ እይዛለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ለራሴ በሚበቃ ድምፅ አነባለሁ። ለራሴ የሚበቃው ግን ለሌላውም ይተርፋል አሉ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ልጄ የሚሆን፣ ጨዋ ወጣት ነው። ሲያናግረኝ ጎንበስ ይላል።

«ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተማሪዎች እየተረበሹ ነው።»

«የትኞቹ ተማሪዎች?»

በአገጩ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። ዞሬ አየሁ። ከዳር እስከ ዳር የጆሮ ማዳመጫ ያልሰካ አንድ ልጅ የለም።

«ጆሯቸው ተደፍኖ በምን ሰሙኝ?»

«ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ ሲያዩ ይረበሻሉ መሰለኝ» አለ፤ ነገሩ ለራሱም እንዳልተዋጠለት ፊቱ ያሳብቃል።

«ምንድን ነው የሚያዳምጡት?»

«ቪዲዮ ነው። የትምህርቱ ማብራሪያ።»

«አሃ፣ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው አላቸው። እኔም አለኝ። እኔው ነኝ።»

ሳቀ፤ ሐቁን ለመናገር ከልቡ ነው የሳቀው። ሕጉን ግን አልተወም። ግድግዳው ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ያደረገች ሴት ሥዕል ተለጥፏል፤ እሷን አሳየኝ። ሌላ ጊዜም መጣ፣ ደጋግሞም መጣ። በመጨረሻ አንዲት ሁልጊዜ በር አጠገብ የምትቀመጥ ተማሪ በይፋ ቅሬታ አቀረበችብኝና ከዚያ በኋላ ማንበቢያ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ እንደማልችል ኃላፊው ነገረኝ።

በጣም ተናደድኩ። ያናደደኝ መባረሬ ብቻ አልነበረም። እነዚህ ልጆች የሚማሩት በጆሯቸው ነው። እኔም የተማርኩት በጆሮዬ ነው። በእኔና በእነሱ መሃል በዓይናቸው ብቻ የሚያነቡ ሰዎች የመጡበት ትንሽ ጊዜ አለ፤ የእነዚያን ሰዎች ጠባይ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ዕውቀት ማለት ይህ ነው ይሉኛል። ልጆቹ ሽቦ ስላላቸው ተማሪ ናቸው፤ እኔ ሽቦ ስለሌለኝ ረባሽ ነኝ።

ቤቴል ቤታችን ስገባ ለልጄ ነገርኳት። ልጄ ቤት ተቀምጣ በላፕቶፕ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ትሠራለች፤ አለቃዋን በአካል አይታው አታውቅም። ትምህርት የምታዳምጠው ፍጥነቱን እጥፍ አድርጋ ነው፤ የምታዳምጠው ሰውዬ በር ላይ ተንጠልጥሎ መንገድ እንደሚጠራ የታክሲ ረዳት ይጣደፋል። ችግሬን ሰምታ ሳትጨርስ መፍትሔ አገኘች።

«እማ፣ ስልክሽ ራሱ ያነብልሻል። ይኸው፣ ሃንድአውቱን ስጪው።»

ሰጠሁት። በማግስቱ ከቤቴል አየር ጤና ታክሲ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ተቀመጥኩ። ማሽኑ አንድም ነገር አይዘልም፤ የኮሌጁን ስም በየገጹ አናት ላይ ስላለ በየገጹ ይጠራዋል፤ የገጽ ቁጥሩንም፣ የአስተማሪውንም ስልክ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ። ከባዱም ቀላሉም ለእሱ እኩል ነው። እኔ ሳነብ የማላውቀው ቦታ ላይ ድምፄ ይሰናከላል፤ በመሰናከሉ ነው እዚህ ጋ አልገባኝም የምለው። እሱ አይሰናከልም። እንቅልፍ ወሰደኝና ፌርማታዬን አልፌ ወረድኩ።

«እንግዲያው ያሳጥርልሽ» አለች ልጄ ማታ። «አንድ ምዕራፍ በአንድ ገጽ።»

«ሳያሳጥረው በፊት ማን አነበበው?»

«እሱ ነዋ።»

«እሱ ካነበበው እሱ ይፈተን።»

ቅዳሜ ከክፍል በኋላ የሕንፃው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የውሃ ሮቶዎችና ዲሾች ናቸው ያሉት፤ ከታች ጋራዡ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ረዳቶች ይጮኻሉ። እዚያ ድምፅ ቀንሺ የሚለኝ የለም። በሮቶዎቹ መሃል እየተመላለስኩ፣ እንግሊዝኛውን አንድ ጊዜ እንዳለ እያነበብኩ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ለራሴ እያስረዳሁ ምዕራፍ በምዕራፍ ፈጀሁት። ያልገባኝን ደጋግሜ እጠይቃለሁ፣ ራሴው እመልሳለሁ፤ መልሱ ካላጠገበኝ ራሴን እገስጻለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ አጥንቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ያቺ የከሰሰችኝ ተማሪ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ኔትወርክ ፍለጋ ጣሪያው ላይ ብቅ አለች። ስታየኝ ልትመለስ ነበር።

«ነይ፣ ጣሪያው የኔ አይደለም» አልኳት።

መጣች፤ ሮቶው ሥር ተቀመጠች። እኔም ማንበቤን አላቆምኩም፣ ለምን አቆማለሁ። የአመራር ዓይነቶች የሚለው ላይ ነበርኩ፤ አለቃ ሁሉን ራሱ ሲወስንና ሠራተኛውን ሲያማክር ያለውን ልዩነት ስለሁለቱ የቀድሞ አለቆቼ እያወራሁ ለራሴ አስረዳሁት። አንደኛውን ስገልጽ ሳቋ አመለጣት።

«ማዘር፣ ይሄን እኮ ስንት ቪዲዮ አይቼበት አልያዘልኝም ነበር» አለች።

«ቪዲዮውን ስታይ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ምንም። አያለሁ።»

«እስቲ በይው።»

አፈረች። መጀመሪያ በሹክሹክታ አለችው፣ ቀጥሎ ጮክ ብላ። ከዚያ በኋላ መብራት ኖረም አልኖረም ትመጣ ነበር። ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እኔ ስጠይቅ እሷ እየመለሰች፣ እሷ ስትጠይቅ እኔ እየመለስኩ ወራቱን ጨረስን። ስለከሰሰችኝ ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

የፈተናው ቀን አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመደብን። በሩ ላይ ተፈትሸን፣ ስልክ አስቀምጠን፣ ኮምፒውተር በተደረደረበት አዳራሽ እየተጠራን ገባን። ልጅቷ ከእኔ ትንሽ ፈንጠር ብላ ተቀመጠች። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ከላይ በኩል የቀረው ሰዓት እየቆጠረ ይወርዳል። እኔም እንደ ልማዴ ጀመርኩ። ድምፅ አላወጣሁም፣ ትንፋሼ ብቻ ነው፤ ያን ያህል ሥርዓት አውቃለሁ።

«ማዘር፣ ድምፅ» አለኝ ወጣቱ ፈታኝ።

«ድምፅ አላሰማሁም።»

«ከንፈርዎ።»

ሄደ። እኔም እንግዲህ የሚያስቸግረው ማየቱ ከሆነ አላሳየውም ብዬ፣ አየር ጤና መስቀለኛውን በአቧራ ስሻገር እንደማደርገው የሻርፔን ጫፍ አፌ ላይ ሳብ አደረግሁና ከሥሩ ማንበቤን ቀጠልኩ። ጥሩ ዘዴ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከሩቅ ጨርቁ ሲንቀሳቀስ አየ። ተመልሶ ሲመጣ ብቻውን አልነበረም፤ አንዲት ሴት ፈታኝ አስከትሏል።

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከማንም ጋር። እያነበብኩ ነው።»

«ማንበብ በዓይን ነው ማዘር። ሻርፑ ሥር ምን አለ?»

ያኔ ገባኝ። የዚህ ልጅ ትውልድ ብቻውን የሚያወራ ሰው አያውቅም። በእኔ ጊዜ መንገድ ላይ ብቻውን የሚያወራ ሰው ሲታይ ምስኪን፣ አእምሮው ተነካ ይባል ነበር። ለእነሱ እንዲህ ያለ ሰው ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቷል፣ ከሌላ ሰው ጋር እየተገናኘ ነው ማለት ነው። አንዲት ሴትዮ ከራሷ ጋር ልትነጋገር ትችላለች የሚለው ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ መልስ በሬዲዮ የሚነግረኝ ሰው ውጭ አስቀምጫለሁ ማለት ሆነ።

ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እሷ እንደዚህ ነው የምታነበው፣ አብረን ነው ያጠናነው» አለች። ቁጭ በይ ተባለች።

ሴትየዋ ወደ ጎን ክፍል ወሰደችኝ። ሻርፔን አስወለቀችኝ፣ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ጆሮዬ ውስጥ አየች፣ ፀጉሬን በጣቷ ፈተሸች፣ አንገትጌዬን ገለበጠች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ከባሌ ሌላ ወንድ ያላየውን ሽበቴን ሰው ሁሉ ያየው ያህል ተሰማኝ፤ ተዋረድኩ። ሆኖም አላለቀስኩም።

«ምንም የለም» አለች ለወጣቱ፣ በሩን ከፈት አድርጋ።

«የወሰዳችሁብኝን ጊዜ መልሱልኝ» አልኩ።

«ሲስተሙ ነው የሚቆጥረው ማዘር፤ እኛ ልናቆመው አንችልም።»

«ስታስነሡኝ ሲስተሙን አላስፈቀዳችሁትም።»

ሻርፔን መልሼ አሰርኩና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ሰዓቱ ብዙ ወርዷል። ያኔ ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንደኛው አፌን ዘግቼ፣ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ አንከባልዬ፣ የገባኝንም ያልገባኝንም እየነካሁ መጨረሻው ድረስ መሮጥ ነው። ሁለተኛው በለመድኩት መንገድ ሄጄ የደረስኩበት መድረስ ነው። ሻርፔን አሁን አፌ ላይ አልሳብኩትም፤ ፈታኙ ፊት ለፊቴ ቆሞ እያየኝ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ማንበብ ጀመርኩ። በግምት አንድም አልመለስኩም። የመለስኩትን ሁሉ አውቄ ነው የመለስኩት። ጥቂት ጥያቄዎች ሲቀሩኝ፣ አንዱን እያነበብኩ ሳለ ስክሪኑ ተዘጋ።

ውጤቱ ሲወጣ በጥቂት ነጥብ ወድቄያለሁ። ልጅቷ አልፋለች። ራሷ ደውላ ነገረችኝ፤ ከባድ ጥያቄ ሲገጥማት ጣሪያው ላይ የምለውን በጆሮዋ ትሰማው እንደነበር እየማለች አወራችልኝ። ደስ አለኝ፤ እርር ድብንም አልኩ። ሁለቱንም በአንድ ስልክ ጥሪ።

አቤት ስል ኮሌጁ በሚቀጥለው ዙር ከንፈሬን እንድቆጣጠር መከረኝ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ እስከዚያ ዙር ድረስ ብቻ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ በኋላ ወንበሩ ይሄዳል። ይህን ለልጄ ስነግራት ላፕቶፗን ወደ ጎን አድርጋ በልመና ዓይን አየችኝ።

«እማ፣ ትምህርቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ለአንድ ቀን፣ ለአንዲት ቀን ብቻ ዝም ብለሽ ብታነቢስ?»

«ዝምታን ለእኔ ነው የምታስተምሪኝ?» አልኳት። «ስብሰባ ላይ ዝም ብያለሁ። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት በደሞዝ ሲያልፉኝ ዝም ብያለሁ። አባትሽ በዚህ ዕድሜሽ ኮሌጅ ምን ያደርግልሻል ሲለኝ ዝም ብያለሁ። ዝምታን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ዝም ብዬ የተማርኩት ነገር ግን አንድም የለም።»

ላፕቶፗን ከደነችና፣ «ስክሪኑ ሲዘጋብሽ ምን ላይ ነበርሽ?» አለች።

አልረሳሁትም፤ በአፌ ያለፈ ነገር አይጠፋኝም። ከሚከተሉት ውስጥ የቁጥጥር ሥራ የመጀመሪያው እርምጃ የቱ ነው ይላል። ማረም፣ ማወዳደር፣ መለካት የሚሉትን አንብቤ አራተኛው ላይ ስደርስ ነው የጨለመው። ተነሥቼ ቆምኩና ሙሉውን፣ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም፣ ሳሎኑ መሃል በቃሌ አልኩላት።

«አራተኛውን ባላነበውም መልሱ እሱ ነው፣ መለኪያ ማውጣት» አልኳት። «መጀመሪያ መለኪያው ይወጣል፣ ከዚያ ይለካል፣ ከዚያ ይወዳደራል፣ ማረም መጨረሻ ነው የሚመጣው። እኔን ግን ከማረም ነው የጀመሩት። በሚቀጥለው ዙር እገባለሁ፣ ከንፈሬንም ይዤ ነው የምገባው።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ልጄ ወደ መስኮቱ አየች።

«ቀስ በይ እማ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ» አልኳት።